ፊቱን ለላሞች የሰጠው ጸሎት ቤት

ተርዛ አንጎቭ ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ናት፤ አብረን አድገን ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ነው ያረጀነው። ቢሆንም አረፍ ብላ የተቀመጠችበትን አንድ ቀን ንገሪን ብትሉኝ አፌን ይዤ እቀራለሁ። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ሻይዋን ይዛ ከመስኮት መስኮት ትመላለሳለች። እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ "ይቺ ልጅ ስትወለድ አዋላጇ ባቡር ሊያመልጣት ነበር፤ ጥድፊያው ተጋብቶባት ነው" ትል ነበር።

እንዲህ ያለች ሴት ፖስተኛ ብትሆን ምን ይገርማል? ኮርንዎል ያለችውን መንደራችንን ካርንዊደንን ከዳር እስከ ዳር፣ ከፈረሱት የማዕድን ጭስ ማውጫዎች ጀምሮ እስከ ገደሉ አፋፍ ያሉት እርሻዎች ድረስ በእግሯ ስታዳርስ ኖረች። "ተርዛ ያመጣችው መጥፎ ወሬ እንኳ ደህና ነው፤ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ይለቅሃል" ይሏት ነበር። አንድ ጊዜ ፖስታ ቤቱ ብስክሌት ሰጣት። በሳምንቱ መለሰችው። ምን ሆነሽ ነው ቢሏት፣ "መቀመጫ አለው" አለች።

በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ቀስ ትላለች፤ እሁድ፣ ከጸሎት ቤት ስትወጣ፣ ዴንዚል ሆስኪን ወደ ቤቷ ሲሸኛት። የእሱን ነገር እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ጸሎት ቤቱ ላውራ፤ ያለ ቤቱ የእሷን ነገር መንገር አይሆንልኝም።

ዛሬ የሰው መኖሪያ ሆኗል። ምስባኩ በነበረበት ቦታ ማቀዝቀዣ ቆሟል፤ ሰገነቱ ላይ ከለንደን የመጡ ባልና ሚስት ይተኛሉ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም። ብቻ በዚያ ሳልፍ መጋረጃቸውን ላለማየት መሬት መሬቱን አያለሁ።

የሠሩት ቅድመ አያቶቻችን ናቸው፤ የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች። ከመሬት በታች ሲፈልጡ ይውሉና ሲወጡ ደግሞ ከመሬት በላይ ሊፈልጡ ይሄዳሉ። ሴቶቹ ድንጋዩን በሽርጣቸው እየቋጠሩ አመላለሱ። አራቱንም ግድግዳ ማሳመር አቅም የሚጠይቅ ስለሆነ ሦስቱን እንደ ከብት በረት ባልተጠረበ ድንጋይ አቆሙና ጥበባቸውን ሁሉ አራተኛው ላይ አፈሰሱት። እሱ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ የተጠረበ ግራናይት ነው። በግራና በቀኝ ረዣዥም ቅስት መስኮቶች፣ መሐል ላይ ሙሽራና ሙሽሪት ከአኩራፊ አማት ጋር ጎን ለጎን የሚያስገባ ባለ ሁለት መዝጊያ በር፣ ከበሩ በላይ ሦስት ማዕዘን ግንባር፣ ግንባሩ ላይ "አቤንኤዘር" የሚል የተቀረጸ ስም። ውስጡ በብረት ምሰሶ የቆመ፣ በሦስት ወገን የዞረ ሰገነት አለው፤ ምስባኩ ደግሞ ከበሩ ትይዩ ካለው ግድግዳ ተጠግቶ ከፍ ያለ ነው። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ሰገነቱ ላይ ሆነው ሲዘምሩ አግዳሚው ከሥርህ ይንቀጠቀጣል።

ይህ ሁሉ ውበት ወደ ሰሜን ያያል። ወደ ሰሜን ደግሞ ምንም የለም፤ የሆስኪኖች መስክ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያን ግድግዳ ሲያደንቁ የኖሩት የሆስኪን ላሞች ናቸው።

እንዴት እንዲህ ሆነ? በአንድ ቃል ምክንያት። ግንባታው ሲጀመር የማዕድኑ አለቃ ካፕን ኤልያስ ትሬጊር፣ ወደ ወደቡ የሚወስድ አዲስ መንገድ በሰሜን በኩል ሊወጣ ነው ብሎ ነበር። "መቼ ነው ካፕን?" አሉት። "ድሬክሊ" አላቸው።

እንግሊዞች ይህን ቃል ሲሉ "አሁኑኑ" ማለታቸው ነው። እኛ ኮርንዎሎች ግን "አንድ ቀን፣ እግዜር ሲፈቅድ፣ ካልረሳሁት" ማለታችን ነው። ጣሪያህን ድሬክሊ እጠግናለሁ ያለህ ሰው ካለ ባልዲ ግዛ። ይህን የካርንዊደን ሕፃን ያውቃል፤ ቅድመ አያቶቻችንም ያውቃሉ፤ ራሳቸው በቀን አሥር ጊዜ ይሉታል። ያም ሆኖ ካፕን ሲለው አመኑና ያማረውን ፊት ወዳልመጣው መንገድ አዙረው ሠሩ። ሰው የራሱን ቅጥፈት ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ለምን እውነት እንደሚመስለው አይገባኝም። ከዚያ የቆርቆሮ ዋጋ ወደቀ፣ ማዕድኑ ተዘጋ፣ ግማሹ ወንድ መርከብ ተሳፍሮ ሄደ። መንገዱ እስከ ዛሬ ድሬክሊ ነው።

ሰው ታዲያ በላም መስክ ጭቃ ውስጥ ለጸሎት አይሄድም። ከመንደሩ በኩል፣ ከጀርባው፣ ከምስባኩ አጠገብ ግድግዳውን ነድለው ትንሽ በር አወጡ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በዚያ በር የሚገባ ሰው ሰባኪው ጎን ብቅ ይላል፤ ሕዝቡ ሁሉ ፊት ለፊቱ ተደርድሮ ያፈጥበታል። ስለዚህ በካርንዊደን ለጸሎት የሚያረፍድ ሰው የለም። ሙሽራም እኛ ጋ ከኋላ አትመጣም። ብቅ ስትል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን ነው፤ እሷም አንድ እርምጃ ገብታ ትቆማለች፣ ሰው እስኪጠግብ ያያታል፣ ከዚያ ኦርጋኑ ይጀምራል። በሌላ ጸሎት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። እናቴም የተርዛ እናትም በዚያ በር ገብተው እንዲያ ቆመዋል። ተርዛ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትፈልገው እሱን ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ልብሱን ወይ ኬኩን አይደለም፣ ያቺን ገብቶ መቆም።

ዴንዚል ሆስኪን ካብ ይክባል። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረበ። አንዱን ያነሳል፣ ያገላብጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ራቅ ብሎ ያየዋል፣ ፒፓውን ያጨሳል፣ መልሶ ያነሳዋል። ከርሞም የሱ ካብ አይናድም፤ ይህን ጠላት እንኳ ይመሰክርለታል፣ ጠላት ካለው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ እንደዚያማ ከሆነ እሱ ለዘላለም ሳይነቅዝ ይኖራል። ለጸሎት የሚያረፍደው ብቸኛ ሰው እሱ ነው። ሁለተኛው መዝሙር ላይ በሩ ሲጥ ይላል፣ ዴንዚል ቆቡን ይዞ ሰባኪው ጎን ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ እሱም ሰውን ሁሉ ያይና "ደህና አደራችሁ" ብሎ ወደ ቦታው ይሄዳል።

ሁለቱም ወጣት ሳሉ፣ ልጆች ፊታቸውን የሚያክል፣ በሳፍሮን ቅመም ቢጫ የሆነ ዳቦ እየተሰጣቸው ከሙዚቃ ባንዱ ኋላ በሚሰለፉበት የበጋ በዓል ቀን፣ ዴንዚል ተርዛን ወደ ቤቷ ሸኛት። በሚቀጥለው እሁድም ሸኛት። ሦስተኛው ወይ አራተኛው ዓመት ላይ የአጥሩ በር ጋ ሲደርሱ፣ "እኛ እኮ ተርዛ፣ ድሬክሊ እንጋባለን" አላት። ሮጣ መጥታ ነገረችኝ። ሁለታችንም ወጥ ቤት ውስጥ ዘለልን። ቃሉን እንዳልሰማን ሰው ማለት ነው፤ የእነዚያ ቅድመ አያቶች ዘር መሆን እንዲህ ነው።

ከዚያ እናቱ ታመመች። እናቱ ስትሞት ደግሞ ኀዘን ነው። ኀዘኑ ሲያልፍ የትሬሎው እርሻ የድሮ ካብ ተናደና እሱን ሊክብ ሄደ። ከዚያ በኋላ ምክንያት ማቅረቡንም ተወው፤ እኛም መጠየቁን ተውነው። ብቻ እሁድ እሁድ ሸኛት። የተርዛ ጸጉር ሸበተ፣ ጡረታ ወጣች፣ አሁንም ይሸኛታል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይባላል። እንቁላሉ ሄደ፣ ዶሮ ሆነ፣ ዶሮዋ አረጀች፤ ዴንዚል እዚያው የአጥሩ በር ጋ ቆሟል።

ከዚያ የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ፤ የምን ድሬክሊ፣ እውነተኛ ዝናብ። በአግዳሚዎቹ ላይ የቀረነው ከአንድ እጅ ጣት ትንሽ የምንበልጥ ሽማግሌዎች ነን። የበላዮቻችን መጥተው ግድግዳውን አንኳኩተው ሄዱና አቤንኤዘር ከመከር በዓል በኋላ ይዘጋል፣ ይሸጣልም ተባለ።

ያን ሰሞን ተርዛ አስጨነቀችኝ። በቀን ሦስቴ በሬን ትከፍታለች፣ ገብታ አትቀመጥም፣ ቆማ አታወራም፣ ቁምሳጥኔን ከፍታ ትዘጋለች።

"ቤሪል፣ የመከር በዓል መቼ ነው?"

"ትናንትም ጠይቀሽኛል።"

"ስንት እሁድ ቀረ ማለት ነው?"

"ሂጂና ዴንዚልን ጠይቂው።"

"እኔ? እኔ ልጠይቀው? ሞቼ ነው ቆሜ!"

በዚያ በጋ አዲስ መጋቢ ተልካልን ነበር፤ መጋቢ ሂላሪ አክሮይድ፣ ከሰሜን፣ ከዮርክሸር፣ ጉንጫም፣ ሳቂታ፣ ወጣት ሴት። እንደሷ አገር ሰው ሁሉ የምታስበውን ትናገራለች፣ የተናገረችውን ታደርጋለች። አንድ ቀን መኪናዋን አቁማ ካብ ሲክብ ዴንዚልን አገኘችው።

"አቶ ሆስኪን፣ እርስዎና ተርዛ ለመሆኑ መቼ ነው የምትጋቡት?"

ዴንዚል በእጁ ያለውን ድንጋይ አገላበጠ። "ድሬክሊ፣ የኔ ቆንጆ" አላት። እኛ "የኔ ቆንጆ" ለአውቶቡስ ሹፌርም ለላምም እንላለን፤ እሷ ግን ጉንጯ ቀላ።

"ድሬክሊ! ጸሎት ቤቱ ሳይዘጋ?"

"ድሬክሊ ነው ያልኩሽ" አለና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

በእሁዱ የመክፈቻው መዝሙር እንዳበቃ መጋቢዋ ምስባኩ ላይ ቆማ እጆቿን አጨበጨበች። "ወዳጆቼ፣ ይህ ቤት በኀዘን አይዘጋም! ከመዘጋቱ በፊት ዴንዚል ሆስኪንና ተርዛ አንጎቭ እዚሁ ይጋባሉ!" አለች።

ሰገነት ላይ ከሚዘምሩት አንዱ፣ ሁላችንም አንክል የምንለው ሽማግሌው ጋርፊልድ፣ ሳል አነቀው። እኔ ዞሬ ተርዛን አየሁ፤ ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ እየቀላ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። ልክ በዚያች ሰዓት በሩ ሲጥ አለና ዴንዚል ቆቡን ይዞ መጋቢዋ ጎን ብቅ አለ። መንደሩ ሁሉ አፉን ከፍቶ ያየዋል። እሱም አየን። ቆቡን ደረቱ ላይ አደረገና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ማን ሞተ?" አለ።

ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንክል ጋርፊልድ ከላይ፣ "አንተ ነህ የሞትከው የኔ ልጅ! ቀብሩ ከመከር በፊት ነው!" ብሎ ጮኸ። መጋቢዋ እያጨበጨበች፣ ሰው እየሳቀ፣ ዴንዚል ምን እንደተባለ ሳይገባው ተቀመጠ፤ ነገሩን አጠገቡ ያለው ሰው በጆሮው ነገረው። ተርዛ ብቻ አልሳቀችም።

ከጸሎት በኋላ እንደ ልማዳቸው ጎን ለጎን ሄዱ። እኔም ጆሮዬን አስቀድሜ ከኋላቸው ተከተልኩ፤ ጨዋ ነኝ አልልም።

"ለመጋቢዋ ምን አልካት?" አለችው።

"ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት።"

"ምን ብለህ?"

"ድሬክሊ።"

"እሷ እኮ የሰሜን ሰው ናት ዴንዚል! እሷ አገር ድሬክሊ ማለት አሁን ነው!"

ዴንዚል ቆመ። "አሁን?" አለ። "ጉድ ነው። ታዲያ እነሱ መቼ ያርፋሉ?"

የአጥሩ በር ጋ ሲደርሱ ዴንዚል ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ልጅቷን በሕዝብ ፊት ውሸታም ማድረግ ነውር ነው። እንግዲህ ካለችማ…" አለ።

"ካለችማ ምን?"

"ካለችማ ይሁን።"

ተርዛ የበሩን ብረት ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው። "ስማ ዴንዚል። እኔ በስህተት አልዳርም። የዮርክሸር ሰው ቃል ስለተምታታባት አይደለም የማገባው። አፍ አለህ። ጠይቀኝ። ከዚያ እሺ ወይ እምቢ እልሃለሁ።"

ዴንዚል አያት፣ በሩን አየ፣ ጫማውን አየ። "ልክ ነሽ" አለ። ብሎም ቆቡን ነክቶ ሄደ። በእናቴ ስም እምላለሁ፣ "ልክ ነሽ" ብሎ ሄደ!

በማግስቱ ተርዛ መጋቢዋ ቤት ሄዳ ሠርግ የለም አለቻት። መጋቢ ሂላሪ ወንበር አቀረበችላት፤ አልተቀመጠችም። ነገሩ ሲገባት ምስኪኗ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "እኛ ጋ ድሬክሊ ካሉ ድሬክሊ ነው! ምን አድርጌ ልካስሽ?" አለቻት።

"አይዞሽ፣ የኔ ቆንጆ። ቤቱም ጀርባውን የሰጠን በዚሁ ቃል ነው" አለቻትና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንቶች ጸሎት ቤቱን ማጠብ ያዘች። የሰገነቱን ብረት ምሰሶዎች ቀለም ቀባች። መሰላል ላይ ወጥታ የቅስት መስኮቶቹን ከጠባቡ ጫፍ ጀምሮ ወለወለች፤ በእነሱ አሻግረው የሚያዩአት ላሞች ብቻ ናቸው።

"ለሚሸጥ ቤት?" አልኳት።

"እጄን ምን ላድርገው ታዲያ? ቤት ስቀመጥ ግድግዳው ይጠብበኛል።"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልሰጣት ስሄድ ባልዲዋ ወለሉ ላይ ነው፤ እሷ የለችም። ሰገነቱ ሥር ተቀምጬ ልጠብቃት ስል ትንሿ በር ተከፈተች። ተርዛ ሽርጧን ፈትታ፣ ጸጉሯን በእጇ አስተካክላ ገባች። አንድ እርምጃ ገብታ ቆመች። ባዶ አግዳሚዎቹን አየቻቸው። እኔን ስታይ አልደነገጠችም፤ ከኔ ምን የምትደብቀው አለ?

"አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የፈለግኩት ቤሪል" አለች። "ዕድሜዬን ሙሉ በየበሩ ሄጄ ለሌላ ሰው የተጻፈ ነገር ሰጥቼ ተመልሻለሁ። አንድ ቀን በዚህ በር ልግባና እኔን ይዩኝ። ዝም ብዬ ቆሜ። ያኔ የማርፍ ይመስለኛል።"

ዳቦውን ሰጠኋት፤ እየበላች ባልዲዋን አነሳች።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። በዚያው ንዴት መስኩን በጭቃ አቋርጬ ዴንዚል ጋ ሄድኩ። ጉልበቱ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ያየዋል።

"ዴንዚል ሆስኪን፣ አንተ ሰው ነህ ወይስ ምሰሶ?"

"ደህና ዋልሽ ቤሪል።"

"ደህና አልዋልኩም። ጸሎት ቤቱ ሊዘጋ ነው። ያቺ ሴት በዚያ በር ገብታ ሰው ፊት ልቁም እያለች ነፍሷ ሊወጣ ነው። ይህን አታውቅም?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ አትወዳትም?"

እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር ማንም ማንንም አይጠይቅም። ዴንዚል ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ድምፁ ሲመጣ የሱ አይመስልም ነበር። "ከእሁድ በቀር ምን አለኝ?" አለ። "ስድስቱን ቀን ያቺን መንገድ ነው የማስበው። ምን እንደምላት፣ የቱ ጋ ቀስ እንደምንል። ብዙ ጊዜ ምንም አልላትም። ካገባኋት ግን፣ ማንን ነው የምሸኘው?"

"አንተ ሞኝ! አብራችሁ ትሄዳላችሁ! በሩ ጋ ስትደርሱ አብረህ ትገባለህ!"

አንዷ ላም መጥታ ዴንዚልን አሸተተችው፣ እሱ አላያትም። "እሱን" አለ በመጨረሻ፣ "እሱን አላሰብኩትም።"

ይሄ ሁሉ ዓመት! ልስቅ ወይ በድንጋዩ ልመታው አልቆረጥኩም። ጥዬው መጣሁ። አሁን ይገሰግሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ አንድ እሁድ አለፈ፣ ሌላ እሁድ አለፈ። በሩ ሲጥ ይላል፣ ደህና አደራችሁ ይላል፣ ይሸኛታል፤ እሷም አንድ ቃል ሳትናገር ትሸኛለች። ተርዛ ከሳች። መንገድ ላይ ስትሄድ ሩጫ የሚመስል ነገር ጀመረች።

የመከር በዓሉ ደረሰ። ከተበተኑት ልጆቻችን አንዳንዶቹ መጡና ቤቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሞላ። የስንዴ ነዶ፣ ዱባ፣ ፖም፣ ከወደቡ የመጣ ዓሣ ምስባኩ ሥር ተደረደረ። እኔ ገና ስገባ አንድ ነገር ልቤን ስንጥቅ አደረገው። ዴንዚል ቀድሞ መጥቷል። ቦታው ላይ ጸጉሩን አስተካክሎ፣ የእናቱ ቀብር ላይ የለበሰውን ኮት ለብሶ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ በሩ ጋ ብቅ እያለ እሱን ሲያይ ሰዓቱን ያያል። አንክል ጋርፊልድ፣ "የምጽአት ቀን ነው መሰለኝ" አለ፤ ማንም አልሳቀም።

ዘመርን። እንዴት እንደዘመርን ልነግራችሁ አልችልም። ሰገነቱ ላይ የቀሩት ሦስት ወንዶች የሠላሳ ሰው ድምፅ ከየት እንዳመጡ እግዜር ይወቅ። ከዚያ መጋቢዋ ባረከችን፣ ወጣን፣ ትንሿን በር ዘጋች። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ። ግቢው ውስጥ የሳፍሮን ዳቦ አዞርኩ።

ዴንዚል ተርዛ ጋ ሄደ። የማያውቀውን ሰው መንገድ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

"ማክሰኞ ከተማ ሄጄ ነበር" አላት።

"ለምን?"

"የጋብቻ ቢሮ።"

ተርዛ የያዘችውን ዳቦ አወረደች።

"ብቻህን አይሆንም፣ ሁለታችሁም መምጣት አለባችሁ አለችኝ ሴትዮዋ። ከዚያ በኋላም ሙሉ አራት ሳምንት መጠበቅ አለ። አቤንኤዘር ደግሞ ከዛሬ ወዲያ ሠርግ አይፈቀድበትም።"

"ስለዚህ?"

"ስለዚህ ዘግይቻለሁ።"

"ዘገየህ" አለች ተርዛ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። "በጋውን በሙሉ ጊዜ ነበረህ። ከዚያ በፊትም ዕድሜዬ በሙሉ ነበረህ! የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ መቼም ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም። በዚያ በር መግባት። ታውቅ ነበር ዴንዚል። ታውቅ ነበር!"

"አውቅ ነበር።"

አለቀሰች። ተርዛ ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ዳቦውን እንደያዘ ያያታል። ዴንዚል ቆቡን በእጁ ይዞ እፊቷ ቆሟል፤ አላባበላትም፣ ይቅርታም አላለም፣ ሄዶም አልራቀም። ዝናብ ማካፋት ጀመረ፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

እንባዋን ስትጨርስ እሱ እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። "ሴትዮዋ ሌላም ነገር ጠይቃኝ ነበር።"

"ምን አለችህ?"

"ስትጋቡ የት ነው የምትኖሩት አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ጠይቄያት እመለሳለሁ አልኳት።" ቆቡን አዞረው። "እና እየጠየቅኩሽ ነው ተርዛ።"

ተርዛ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

"ያንተ ቤት እርጥብ ነው" አለች።

"እርጥብ ነው።"

"ግድግዳው እንጉዳይ ያበቅላል።"

"አንዳንዴ።"

"እኔ ቤት ነው የምንኖረው።"

"እሺ" አለና ቆቡን አጥልቆ መንገድ ጀመረ።

"አሁን ደግሞ ወዴት ነው?"

"ልብሴን ላምጣ ብዬ።"

"መጀመሪያ አግባኝ፣ አንተ ጉደኛ!" ብላ ጮኸች፤ ያኔ ግቢው ሁሉ ሳቀ፣ መጋቢዋም እያለቀሰች ሳቀች።

በቅጠል መርገፊያ ከተማ ሄደው ተጋቡ። ቢሮው የፕላስቲክ አበባ ያለበት፣ የወለል ምንጣፍ የሚሸት ክፍል ነው፤ ወንበሮቹ ወደ ጠረጴዛው ዞረዋል፣ በሩ ደግሞ ከኋላ ነው። ተርዛ ስትገባ የሰማነው የጫማዋን ድምፅ ነው። ዞረን ሳንጨርስ በአጠገባችን አልፋ ሄደች፤ እስኪያልቅ ድረስ ጀርባዋን ነው ያየነው። ዴንዚል በሰዓቱ ደርሷል። ዛሬም እሁድ እሁድ አብረው ወደ ጎረቤት መንደር ጸሎት ቤት ይሄዳሉ፣ ክንዷን ይዞ ይመለሳል፣ በሩን ከፍተው አብረው ይገባሉ። ስለዚያ በር ግን ይቅር አላለችውም። ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም አትደብቀውም፤ አንድ ላይ ይኖራሉ።